ከመጀመሪያው መርፌ በፊት
ሊምፎማ የያዛትን ሴት ለኬሞቴራፒ ስለ ማዘጋጀት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለነርሶች የተደረገ ንግግር)




የተሰጠኝ ርእስ «የካንሰር ሕሙማን እንክብካቤ» የሚል ሰፊ ርእስ ነበር። ነገር ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁሉን ልንካ ብል አንዱንም በቅጡ ሳልነካ እንዳልቀር ስለ ሠጋሁ፣ ከሰፊው መስክ አንዲት ጥግ ብቻ መርጬ ቀርቤአለሁ። ይኸውም ሊምፎማ እንዳለባት የታወቀ አንዲት ሴት፣ ሐኪሙ ሕክምናውን ካዘዘላት ሰዓት ጀምሮ የመጀመሪያው መድኃኒት በደም ሥሯ እስኪገባ ድረስ የምታሳልፋቸው ጥቂት ቀናት ናቸው። እነዚህ ቀናት በመዝገባችን ላይ ባዶ ሆነው ይታያሉ፤ በሕመምተኛዋ ሕይወት ግን ከሁሉ የከበዱ ናቸው። እኛ ነርሶች ልንሠራው የምንችለው ብዙ ሥራም የሚገኘው በእነርሱ ውስጥ ነው።

ሊምፎማን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ሲሆን መድኃኒቱ ረዳት ነው። በሊምፎማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ፈዋሽ መድኃኒቱ ራሱ ነው። ሴትን የመረጥሁትም ሕክምናው በፀጉሯ፣ በማኅፀኗ፣ በጓዳዋና በትዳሯ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ወንዱ ከሚደርስበት በብዙ ስለሚለይ፣ ስለዚህም ጉዳይ በዎርዳችን ውስጥ የሚነገረው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው።

ስለ ሕመሙና ስለ መድኃኒቱ ባጭሩ

እንደሚታወቀው ሊምፎማ በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት፣ በደረትና በሆድ ውስጥ ባሉት የሊምፍ ዕጢዎች ላይ የሚነሣ፣ የነጭ የደም ሕዋሳት ካንሰር ነው። የለንደኑ ሐኪም ቶማስ ሆጅኪን እ.ኤ.አ. በ1832 ዕጢዎቻቸው ያበጡ ሕሙማንን ታሪክ ጽፎ ስላቀረበ፣ አንደኛው ወገን በስሙ የሆጅኪን ሊምፎማ ተባለ። የቀሩት ብዙ ዓይነቶች በአንድነት ሆጅኪን ያልሆኑ ሊምፎማዎች ይባላሉ።

የኬሞቴራፒ ታሪክ የጀመረውም በዚሁ ሕመም ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ በይል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉት ተመራማሪዎች፣ ለጦርነት ከተሠራው የመስታርድ መርዝ ጋር ዝምድና ያለውን ናይትሮጅን መስታርድ ሊምፎማ ለያዘው ሰው እንዲሰጥ አደረጉ። ዕጢዎቹ ለጊዜው ሟሙ፤ ነገር ግን ተመልሰው አደጉ። አንዱ መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ ስለ ታወቀ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ብዙ መድኃኒቶችን በአንድነት፣ በተወሰነ ቀን፣ በዙር መስጠት ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1975 በሚላኖ ጃኒ ቦናዶናና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ኤ.ቢ.ቪ.ዲ. የተባለው የአራት መድኃኒቶች ጥምር ለሆጅኪን ሊምፎማ እስከ ዛሬ ድረስ በሰፊው ይሠራበታል። ለቀሩት ሊምፎማዎች ብዙውን ጊዜ ቾፕ የተባለው ጥምር ይሰጣል፤ ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒትም በሚገኝበት ስፍራ ይታከልበታል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ታሪክ ለማስተማር ብዬ ሳይሆን አንድ ነገር ለማስረዳት ነው። የዚህ ሕክምና ኀይሉ በተደጋጋሚነቱ ላይ ነው። ኤ.ቢ.ቪ.ዲ. በየ2 ሳምንቱ፣ ቾፕ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በየ3 ሳምንቱ እየተሰጠ ለወራት ይቀጥላል። ሳይቋረጥ ከተፈጸመ፣ ሆጅኪን ሊምፎማ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይድናሉ። ከመካከል የተቋረጠ እንደ ሆነ ግን ሕመሙ ይመለሳል፤ ሲመለስም ከቀድሞው ይልቅ ለመድኃኒቱ የማይበገር ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ስለሆነም ሴቲቱ 1ኛውን መርፌ መቀበሏ ብቻ አይበቃም፤ ዋናው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ትቀጥላለች ወይ የሚለው ነው። የዚህም ጥያቄ መልስ በአብዛኛው የሚወሰነው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ባገኘችው ዝግጅት ነው።

ለመጥቀስ ያህል፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነች አንዲት የገጠር ሴት ሁለት ዙር መድኃኒት ከወሰደች በኋላ ሳትመለስ ቀረች። ከ7 ወር በኋላ አንገቷ አብጦ፣ እስትንፋሷ አጥሮ መጣች። ለምን እንደ ቀረች ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ ሁለት ነበር። የመጀመሪያው፣ «እብጠቱ ጠፍቶልኝ ነበር፤ ድኛለሁ ብዬ ነው» የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ፀጉሬ ሲረግፍ መንደሩ ሁሉ ማን ሞተባት ይለኝ ጀመር» የሚል ነበር። ሁለቱም ነገር አስቀድሞ ሊነገራት ይችል ነበር። ሁለቱንም የነገራት ሰው አልነበረም።

ስለ መናገርና ስለ መሰወር

ሕመምተኛዋ ወደ እኛ ስትደርስ ረጅም መንገድ ተጉዛ ነው። በአገራችን የአንገት ዕጢ ሲያብጥ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የዕጢ ቲቢ ነው፤ ቲቢው ብዙ ስለሆነም ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለሆነም ከናሙናው ምርመራ በፊት የቲቢ መድኃኒት ለወራት የወሰደች፣ በዚያም መካከል ወደ ጠበልም ወደ ባሕል ሐኪምም የሄደች፣ ከብቷን ወይም ወርቋን የሸጠች ሴት ብዙ ናት። ወደ ዎርዱ የምትገባው ደክማና ተስፋዋ ተሸርሽሮ ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት «ለምን ዘገየሽ?» ብሎ መቀበል ከሁሉ የከፋ አጀማመር ነው።

ከዚህም በላይ የቃል ችግር አለብን። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለካንሰርም ይነገራል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ቲቢ ማለት ነው። ስለዚህ «ነቀርሳ ነው» የተባለችው ሴት ያው የቀድሞው ቲቢ መስሏት፣ የሚተላለፍ ነው ብላ ልጆቿን ከአጠገቧ ልታርቅ ትችላለች። «ዕጢ ነው» ብቻ ብንላት ደግሞ ተቆርጦ የሚጣል ነገር ይመስላታል። ስሙን በግልጽ ጠርተን፣ «የዕጢ ካንሰር ነው፤ ሊምፎማ ይባላል፤ አይተላለፍም፤ መድኃኒት አለው» ብለን በ4 አጫጭር ዐረፍተ ነገር ብንነግራት ይሻላል።

ነገር ግን ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ብዙ ጊዜ ባልየው ወይም ታላቅ ወንድሟ በሩ ላይ ይጠብቀንና «እባክሽ ሲስተር፣ ለእሷ እንዳትነግሪያት፤ ትሰበርብናለች» ይለናል። ይህ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ከፍቅር የመጣ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ልመና በቁጣ መመለስ አይገባም እላለሁ። ይልቁንም የራሳችንን ባሕል መልሰን እንመልከት። በእኛ ዘንድ መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓቱ ተመርጦ፣ የሚደግፍ ሰው በአጠገብ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያስተማሩን ክፉ ወሬን መደበቅ ሳይሆን ለክፉ ወሬ መዘጋጀትን ነው። ይህንኑ ጥበብ ወደ ዎርዳችን ማምጣት እንችላለን። ልዩነቱ አንድ ነው። መርዶ ያለቀ ነገር ወሬ ነው፤ የሊምፎማ ወሬ ግን ገና የሚጀመር ሥራ ወሬ ነው፤ ሥራውንም የምትሠራው ራሷ ስለሆነች ሳታውቀው ልትሠራው አትችልም። ለባልየው ይህንኑ ብንነግረው፣ «አብረን እንንገራት፤ አንተም በአጠገቧ ትቀመጣለህ» ብንለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል።

ስንነግራትም ከመናገራችን በፊት እንጠይቃት። «እስካሁን ምን ተብሎ ተነገረሽ? ምን ይመስልሻል? ሁሉን ዝርዝር ማወቅ ትፈልጊያለሽ፣ ወይስ ዋና ዋናውን? ማን አብሮሽ ቢሰማ ትወጃለሽ?» እነዚህ 4 ጥያቄዎች ከ10 ደቂቃ አይበልጡም። በዕድሜ ለገፉትም እንደ ወጉ «እማማ፣ እስካሁን ምን ተባሉ?» ብሎ መጠየቅ ከክብራቸው አይቀንስም፤ ያከብራቸዋል እንጂ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ሁልጊዜ ወደ ሕመምተኛው እናዞረዋለን። በሽታውን ከሕመምተኛዋ የምንደብቀው እኛ ስንሆንም ተረቱ እኩል እንደሚሠራ ማስታወስ አለብን።

የአካል ዝግጅት

ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ብዙ ምርመራ ይታዘዛል። የደም ሕዋሳት ቁጥር፣ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ይታያል። በቾፕም በኤ.ቢ.ቪ.ዲ.ም ውስጥ የሚገኘው ዶክሶሩቢሲን የልብን ጡንቻ ሊጎዳ ስለሚችል የልብ አልትራሳውንድ ይደረጋል። በኤ.ቢ.ቪ.ዲ. ውስጥ ያለው ብሊዮማይሲን ደግሞ ሳንባን ስለሚያሠጋ የሳንባ ሁኔታ ይመረመራል። የጉበት ቫይረስ ዓይነት ቢ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ ከቆየ በዚህ ሕክምና ጊዜ፣ ይልቁንም በሪቱክሲማብ፣ ሊነሣ ስለሚችል አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ እንዲሁም ኤች.አይ.ቪ. ይመረመራል። በቾፕ ውስጥ ያለው ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ በሰገራ ውስጥ የሚገኘው ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል በመላው ሰውነት ሊሠራጭና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በአገራችን የሰገራ ምርመራን እንደ ትንሽ ነገር ማየት አይገባም። የተበላሸ ጥርስ ካለም የመግል ምንጭ እንዳይሆን ከሕክምናው በፊት መታየት አለበት። የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በቁመትና በክብደት ስለሆነ ሁለቱንም በጥንቃቄ መለካት የእኛ ኀላፊነት ነው።

ሕመምተኛዋ የእያንዳንዱን ምርመራ ምክንያት ማወቅ አለባት። ካልተነገራት ግን «ደሜን ቀድተው ጨረሱት» ትላለች። «ይህ ልብሽን ለመጠበቅ ነው፤ ይህ ጉበትሽን ለመጠበቅ ነው» የሚል አንድ ቃል ፍርሃቷን ወደ መተማመን ይለውጠዋል።

ስለ ምግብ የሚጠየቀው ጥያቄ ማለቂያ የለውም። የተከለከለ ምግብ እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ የሚያስፈልጋትም ሰውነቷን የሚጠግን ምግብ መሆኑን እንንገራት። ዕንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ የበሰለ ሥጋና ዓሣ፣ አጥሚትና ገንፎ ሁሉም ጥሩ ናቸው። የሚከለከሉት ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፣ በንጹሕ ውኃ ያልታጠበ ቅጠላ ቅጠል ናቸው። የቁሌት ሽታ ማቅለሽለሽ ስለሚያመጣባት፣ መድኃኒት በወሰደችበት ሰሞን ወጡን ሌላ ሰው ቢሠራላት፣ ምግቡም በረድ ብሎ፣ ጥቂት በጥቂት፣ በቀን 5 እና 6 ጊዜ ቢቀርብላት ይሻላል። በአፍ ውስጥ ቁስል ሲወጣ በርበሬውን መቀነስ፣ አፍንም ጨው በተቀላቀለበት ለብ ያለ ውኃ በቀን ብዙ ጊዜ መጉመጥመጥ ይረዳል። ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት ሆድን ስለሚያደርቅ፣ ውኃና ተልባ እንዲሁም ፓፓያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስፈልጋታል። ሳይክሎፎስፋሚድ የምትወስድ ሴት ደግሞ መድኃኒቱ ፊኛዋን እንዳያቆስል ብዙ ውኃ መጠጣትና ቶሎ ቶሎ መሽናት አለባት።

የጾም ነገር በጥንቃቄ የሚነካ ነው። ሕመምተኛ የጾም ግዴታ እንደማይጠነክርበት የሃይማኖት አባቶች ራሳቸው ያስተምራሉ። ስለዚህ ክርስቲያኗ ከንስሐ አባቷ፣ ሙስሊሟም ከሃይማኖት መምህሯ ጋር ከሕክምናው በፊት እንድትነጋገር መምከር፣ እኛ «አትጹሚ» ብለን ከማዘዝ በብዙ ይበልጣል። ስለ ጠበልም እንዲሁ ነው። «ጠበሉን ተዪ» ብንላት ሊሆን የሚችለው መድኃኒቱን ትታ ጠበሉን መያዝ ነው። የሚሻለው መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ማስረዳት፣ ሰው በተጨናነቀበት ስፍራ የምትውልበትንም ቀን የደም መከላከያዋ ከሚያንስባቸው ቀናት ማራቅ ነው። የምትጠጣው የባሕል መድኃኒት ካለም ሳንቆጣ ጠይቀን ለሐኪሙ እንንገር። ከተቆጣናት ሁለተኛ አትነግረንም።

በመድኃኒቱ ዕለት ስለሚሆነው አስቀድማ ልታውቅ ይገባታል። እጅጌው ሰፊ የሆነ ልብስ ትልበስ፤ ጥቂት ምግብ ትብላ፤ ውኃ ትጠጣ። ማስታወክን የሚከላከለው መድኃኒት ከዋናው በፊት እንደሚሰጣት ይነገራት። መርፌው በገባበት ስፍራ ማቃጠል ወይም ማበጥ ከተሰማት በዚያው ደቂቃ እንድትናገር፣ «ነርሷን አስቸገርሁ» ብላ እንዳትታገሥ አጥብቀን እንንገራት። ከደም ሥር ውጭ የፈሰሰ ዶክሶሩቢሲን ሥጋን ያቆስላልና ትዕግሥቷ ክንዷን ሊያስከፍላት ይችላል። የዚሁ መድኃኒት መልክ ቀይ ስለሆነ ሽንቷ 1 ወይም 2 ቀን ይቀላል። ይህ ያልተነገራት ሴት ደም ሸናሁ ብላ ሌሊቱን በሙሉ ስትጨነቅ ታድራለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የትኩሳት ትምህርት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ ያንሳሉ። በእነዚህ ቀናት የሰውነቷ ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን በዓልም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መምጣት አለባት። የትኩሳት ማስታገሻ ውጦ እስኪነጋ መጠበቅ ለሞት የሚያደርስ መዘግየት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየቤቷ ቴርሞሜትር እንዲኖርና ከቤት አንድ ሰው ማንበብ እንዲማር እናድርግ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ውጭ በጅማ፣ በጎንደርና በሐዋሳ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም ኬሞቴራፒ ይሰጣል፤ ይህም ብዙ ሕሙማንን ከረጅም መንገድ አድኗል። ቢሆንም ቤቷ ከሆስፒታል የአንድ ቀን መንገድ የሆነ ሴት፣ በእነዚያ ቀናት ቀረብ ካለ ዘመድ ዘንድ ብትቆይ ይመረጣል።

ጠያቂም በዚሁ ይታሰብበት። የታመመን መጠየቅ መልካም ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን 20 ሰው በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ሲስላትና ሲስማት ቢውል ይጎዳታል። የእድሩ ዳኛ ወይም አንዲት የተከበረች ጎረቤት አስቀድመው ቢነገራቸው፣ ጠያቂው ከደጅ ሆኖ ሰላምታውን እንዲያቀርብ፣ የሠራውንም ምግብ አድርሶ እንዲመለስ ያደርጋሉ። ሕመምተኛዋ ራሷ እንግዳ መመለስ አትችልም፤ ሌላ ሰው ሊመልስላት ይገባል። ቤተ ሰቡም መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ለ48 ሰዓት ያህል ሽንትና ትውከት የነካውን ጨርቅ በእጅ ጓንት ይዞ ለብቻው እንዲያጥብ ይነገረው።

ስለ ፀጉር

በብዙ ሴቶች ላይ ፀጉር መርገፍ የሚጀምረው ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት ነው። የውጭ አገር መጻሕፍት ይህን እንደ ውበት ጉዳይ አድርገው ይጽፉታል። በእኛ ዘንድ ግን ከውበትም ያለፈ ትርጉም አለው። ሴት ልጅ ባሏ ወይም ወላጇ ሲሞትባት ፀጉሯን መላጨት በብዙ አውራጃ የኀዘን ምልክት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ራሷ የተመለጠ ሴት በአደባባይ ስትታይ፣ ሰው የሚያነብባት እንደ ሐዘንተኛ ነው። ራሷም መስታወት ስታይ ለራሷ ያዘነች ትመስላለች። ቀደም ብዬ የጠቀስኋት የሦስት ልጆች እናት የተናገረችው ይህንኑ ነው።

ስለሆነም ስለ ፀጉሯ አስቀድመን መናገር ትልቅ ሥራ ነው። የሚረግፈው መድኃኒቱ ፈጥነው የሚበዙትን ሕዋሳት ሁሉ ስለሚመታ መሆኑን፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ መልሶ እንደሚያድግ እንንገራት። ሹሩባዋ በእጇ እየተነቀለ ከሚወጣ፣ ሳይረግፍ በፊት በምትወደው ሰው እጅ፣ በገዛ ቤቷ፣ በመረጠችው ቀን ብታሳጥረው ይቀልላታል። ያን ጊዜ ፀጉሯ ተወሰደባት አይባልም፤ ራሷ ቆረጠችው ይባላል። ለስላሳ የጥጥ ሻሽ ታዘጋጅ። ልጆቿም ድንገት እንዳይደነግጡ «እማዬ የምትወስደው መድኃኒት ፀጉሯን ለጥቂት ጊዜ ይወስድባታል» ተብሎ ይነገራቸው። ጎረቤት ሲጠይቅም የምትመልሰው አንድ አጭር ቃል ከእኛ ጋር ሆና ብትለማመድ ይረዳታል፤ «መድኃኒት ላይ ነኝ፤ ፀጉሩ ይመለሳል» ማለት ይበቃል።

ስለ ማኅፀንና ስለ ትዳር

ሊምፎማ፣ ይልቁንም የሆጅኪን ሊምፎማ፣ ገና ልጅ ልትወልድ የምትችልን ወጣት ሴት ብዙ ጊዜ ይይዛል። ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት የእርግዝና ምርመራ ሊደረግላት ይገባል። የምታጠባ ከሆነችም ማጥባቷን እንድታቆም ይነገራት፤ ለሕፃኑ ሌላ ምግብም ይታሰብለት። በሕክምናው ጊዜ እንዳታረግዝ ተስማሚ መከላከያ ያስፈልጋታል። የወር አበባዋ ሊዛባ ወይም ሊቆም ይችላል፤ ነገር ግን ቆመ ማለት አታረግዝም ማለት አይደለም። የደም መርጊያ ሕዋሳት ሲያንሱ ደግሞ የወር አበባ ከመጠን በላይ ሊፈስ ስለሚችል እንዲህ ሲሆን ወዲያው እንድትመጣ ይነገራት።

ወደ ፊት መውለድ መቻሏ የሚወሰነው በመድኃኒቱ ዓይነት፣ በመጠኑና በዕድሜዋ ነው። ኤ.ቢ.ቪ.ዲ. ከቀድሞዎቹ ጥምሮች ይልቅ የማኅፀንን ተስፋ እንደሚጠብቅ ይታወቃል፤ ሳይክሎፎስፋሚድ በብዛት ሲሰጥ ግን ሥጋቱ ከፍ ይላል። ዕንቁላልን አቀዝቅዞ ማቆየት በበለጸጉ አገሮች የተለመደ ነው፤ ለአብዛኞቹ ሕሙማኖቻችን ግን ከአቅም በላይ ነው። ይህ ማለት ዝም እንበላት ማለት አይደለም። ልትደርስበት ባትችልም እንኳ ጥያቄዋን የመጠየቅ መብት አላት። ይህን ውይይት በመጀመሪያ ከእርሷ ጋር ብቻ፣ ኋላም ከፈቀደች ከባልዋ ጋር ማድረግ ይገባል። ባልየውም ሕመሙ እንደማይተላለፍ፣ የሚስቱ ድካምና ዝምታ እርሱን መጥላት እንዳልሆነ ከእኛ አፍ ቢሰማ ብዙ ትዳር ከመናጋት ይድናል።

የመንፈስ ዝግጅት

ከመድኃኒቱ በፊት ባሉት ሌሊቶች ሴቲቱን የሚያስጨንቃት ሞት ብቻ አይደለም። «በምን ኃጢአቴ ነው?» ብላ ራሷን ትመረምራለች። «የማን ዓይን ነው?» ብላ ጎረቤቷን ትጠረጥራለች። ከሁሉም በላይ «ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» ትላለች። ለመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች እኛ የምንሰጠው መልስ፣ ሕመሙ በቅጣትም በዓይንም እንዳልመጣ፣ ባደረገችው ወይም ባላደረገችው ነገር እንዳልተነሣ በጥሞና መንገር ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ግን የሚመለሰው በማጽናኛ ቃል አይደለም፤ በዕቅድ ነው። እንጀራውን ማን ይጋግር? ውኃውን ማን ይቅዳ? ታናሹን ልጅ ትምህርት ቤት ማን ያድርስ? የመንገዱ ወጪ ከየት ይምጣ? እነዚህን አንድ በአንድ ከእርሷና ከአስታማሚዋ ጋር ተቀምጠን ስም ብንሰጣቸው፣ ፍርሃቱ ባይጠፋም መልክ ያገኛል። «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» የምንለው ግን ለራሳችን ማምለጫ ነው። «አይዞሽ፣ ይህ ይደርስብሻል፤ ሲደርስብሽም እንዲህ እናደርጋለን» ማለት ነው የሚያሳርፋት።

ቀኖቹንም አስቀድማ ትወቃቸው። ፊደል ለምታውቀው በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፈ የቀን ዝርዝር ይሰጣት። ለማታውቀው ደግሞ «ሁለተኛው ከመስቀል ማግስት፣ ሦስተኛው ከሚካኤል በፊት» እያሉ በበዓልና በገበያ ቀን ማስያዝ ይቻላል። በዚያውም ጊዜ፣ ከ1ኛው ወይም ከ2ኛው ዙር በኋላ እብጠቱ ሊጠፋ እንደሚችል፣ ይህም መልካም ምልክት እንጂ የሕክምናው መጨረሻ እንዳልሆነ ይነገራት። ለገበሬ ሚስት ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ከላይ የታጨደ አረም ሥሩ ካልተነቀለ ተመልሶ እንደሚያድግ ከእኛ ይልቅ እርሷ ታውቃለች።

ሕክምናዋን ፈጽማ ፀጉሯ የተመለሰላት ሌላ ሴት ፈቃደኛ ሆና ብታነጋግራት ጥቅሙ ታላቅ ነው። እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ ጠልታ፣ ከሰው ጋር መነጋገር ያቆመች እንደ ሆነ ግን ይህ የጠባይ ነገር ሳይሆን ሕክምና የሚሻ የመንፈስ ጭንቀት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ እናሳውቅ።

ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ የሥራችን ብዛት፣ የአልጋው ማነስ፣ የመድኃኒቱ መጥፋት የታወቀ ነው። ቢሆንም ከዚህ በላይ የዘረዘርኋቸው ነገሮች አዲስ መሣሪያ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲመክርበት አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ኬሞቴራፒ በሚሰጥበት ስፍራ ሁሉ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት አንዲት ነርስ ከሕመምተኛዋና ከአስታማሚዋ ጋር የምትቀመጥበት አንድ ሰዓት በሥራ ድርሻ ውስጥ ይጻፍ፤ በመዝገቡም ይፈረምበት። ሁለተኛ፣ ትኩሳትን፣ ቀይ ሽንትን፣ የፀጉርን መርገፍና የቀኖቹን ተራ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ይዘጋጅ። ሦስተኛ፣ በቀጠሮዋ ቀን ያልመጣችን ሴት በሳምንቱ ውስጥ በስልክ የሚፈልግ ሰው በየዎርዱ ይመደብ።

ይህን ስናደርግ ሁሉም ይድናል ማለቴ አይደለም። ዘግይታ የመጣችው፣ መድኃኒቱ የማይበግርለት ሕመም የያዛት፣ ተዘጋጅታም ልትሞት ትችላለች። ለእርሷም ቢሆን አንዱ ሰዓት ከንቱ አይሆንም፤ የሚደርስባትን አውቃ፣ የቤቷን ነገር አሰናድታ፣ የምትወደው ሰው በአጠገቧ ሆኖ ታልፋለችና። መዳን የምትችለዋ ግን ባለማወቅ ምክንያት ከሁለተኛው ዙር በኋላ ወደ ቤቷ ተመልሳ እንዳትቀር ማድረግ በእኛ እጅ ያለ ነገር ነው።